ስለ ሌላው ማወቅ፣ ሌላውን ማወቅ

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው የማስታወስ ጥናት ውስጥ ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ሙከራ አለ። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባርትሌት በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የሚተረክ «የመናፍስት ጦርነት» የተሰኘ ታሪክ ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች ሰጠ። ሁለት ጊዜ አንብበው ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ታሪኩ በተጻፈ ቁጥር ወደ እንግሊዝ አገር እየቀረበ መጣ። ታንኳው ጀልባ ሆነ። የባሕር እንስሳት አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። መናፍስቱ ራሳቸው ከብዙዎቹ ጽሑፍ ጠፉ። ለአንባቢው እንግዳ የሆነበት ነገር ወይ ተዘለለ፣ ወይ አንባቢው የሚያውቀው ዓይነት ምክንያት ተፈለገለት። ማንም ለማጣመም አላሰበም፤ ሁሉም የመሰላቸውን በቅንነት ነበር የጻፉት።

የሌላ ሕዝብን ባህል ስለ መማር ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የመረጃ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ አገር መጎብኘት፣ ሥልጠና መውሰድ። የባርትሌት አንባቢዎች ግን መረጃው በእጃቸው ነበር። የጎደላቸው፣ በተሳሳቱ ቁጥር «አይደለም፣ እንዲህ ነው» የሚላቸው የታሪኩ ባለቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉትን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጎልቶ የሚታየኝም ይኸው ነው፦ ስለ ሌላ ባህል በትክክል የሚማር ሰው፣ የባህሉ ባለቤት ሊያርመው የሚችልበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አይስማማም፤ የሚለዩትንም አነሣለሁ።

አእምሯችን የለመደውን የሚመርጠው ከመቼ ጀምሮ ነው? በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ጥያቄ እኛን የሚመለከት መልስ ይዟል። እስራኤላዊው ተመራማሪ ያየር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ ለሦስት ወር ሕፃናት የነጭና የጥቁር ሰዎችን ፊት በፎቶግራፍ አሳዩ። አንደኛው ቡድን እስራኤል ውስጥ በነጮች መካከል የሚያድጉ ነጭ ሕፃናት ነበሩ፤ ሁለተኛው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያድጉ ሕፃናት፤ ሦስተኛው ደግሞ እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልደው ሁለቱንም ዓይነት ፊት በየቀኑ የሚያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ወገን ፊት አብልጠው ተመለከቱ። ሦስተኛው ቡድን አላዳላም። ልጆቹ 36 ብቻ ስለሆኑ ብዙ ልንጭንበት አይገባም። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ከወጣ ሌላ ጥናት ጋር ይገጥማል። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው በፈረንሳይ ቤተሰቦች በጉዲፈቻ የተወሰዱ ኮሪያውያን፣ አድገው ሲፈተኑ ከእስያውያን ፊት ይልቅ የአውሮፓውያንን ፊት ለይተው ያስታውሱ ነበር። ልጅነታቸውን በከፊል ኮሪያ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ያየነውን እየመረጠ የሚለየው ዓይናችን በልምድ የተሠራ ነው፣ በልምድም ይለወጣል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከጠቅላላው ጥናት ውስጥ ተስፋ ሰጪው ክፍል ነው።

ለአዋቂ ሰው ሁለት ተጨማሪ እንቅፋቶች አሉበት። አንደኛው፣ የራሳችንን ወገን እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ጠባይ እንዳለው አድርገን ስናይ ሌላውን ወገን በአንድ ዓይን ማየታችን ነው። ኳትሮንና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ይህን ያሳዩት በሁለት ጎረቤት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ ነው፤ የቋንቋም የሃይማኖትም ልዩነት ሳያስፈልግ። ሁለተኛው ደግሞ አውቃለሁ የሚል ስሜት ነው። ሮዘንብሊትና ኪል በ2002 እንዳሳዩት፣ ሰዎች እንደ ዚፕ ያሉ ተራ ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠሩ በደንብ እንደሚያውቁ ይናገራሉ፤ ደረጃ በደረጃ አስረዱ ሲባሉ ግን ለዕውቀታቸው የሰጡትን ግምት ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለ ሰው ባህል «አስረዳ» የሚለን ስለሌለ፣ ይህ ስሜት ሳይፈተን ዕድሜ ልክ አብሮን ሊኖር ይችላል።

የተደራጀው የባህል ትምህርት የተጀመረው በመንግሥታትና በኩባንያዎች ፍላጎት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ከመምህራኑ አንዱ የነበረው አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል፣ በ1959 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎች በሰዓት አያያዛቸውና በአቋቋም ርቀታቸው ጭምር እንደሚነጋገሩ አስረዳ። በ1960 ካሌርቮ ኦበርግ «የባህል ድንጋጤ» ስለሚባለው ነገር የጻፈው ጽሑፍ ታተመ። ሊስጋርድ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1955፣ አሜሪካ የተማሩ ኖርዌያውያንን ጠይቆ፣ እንግዳ አገር የገባ ሰው በደስታ ጀምሮ፣ ወርዶ፣ እንደገና እንደሚነሣ ጻፈ። ይህ የመውረድና የመነሣት መስመር በየሥልጠናው አሁንም ይሰጣል። ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የገቡ የጃፓን ተማሪዎችን በየጊዜው ተከታትለው በ1998 እንዳሳዩት፣ ከሁሉ የከፋው ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አገር ለቆ የወጣ አንባቢ ይህን ለማመን የሚቸገር አይመስለኝም።

ሚልተን ቤኔት በ1986 ያቀረበው የደረጃዎች ሐሳብ የበለጠ ይረዳል ባይ ነኝ። ሰው ልዩነትን ከመካድ ተነሥቶ፣ ራሱን ከመከላከል አልፎ፣ ወደ መቀበልና መላመድ ይሄዳል ይላል። ከደረጃዎቹ መካከል ልዩነትን አቅልሎ ማየት ብሎ ያስቀመጠው ትኩረት ይገባዋል፤ «ሰው ሁሉ ያው ነው» የሚባልበት። ንግግሩ ደግነት አለው፤ ብዙ ጊዜም ከልብ ይነገራል። ችግሩ ተናጋሪው «ሰው ሁሉ» ሲል የሚለካው በራሱ መሆኑ ነው። ሌላው እንደ እሱ ሳይሆን ሲቀር የሚቀረው ማብራሪያ ክፋት ወይም ኋላቀርነት ብቻ ይሆናል።

በንግድ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚጠቀሰው የሄርት ሆፍስቴድ መለኪያ ነው። ሆፍስቴድ በ1980 ባሳተመው ጥናት የአይቢኤም ሠራተኞች በየአገሩ የሞሏቸውን ከ116,000 በላይ መጠይቆች መርምሮ አገሮችን በቁጥር አስቀመጠ። አሠራሩ ትልቅ ነው፤ ድክመቱም እንደዚያው። የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ የአገሩን ገበሬና ነጋዴ ይወክላል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያን በተመለከተ ደግሞ፣ በኋላ በተሰፋው ዝርዝር አገራችን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ነጥብ ተሰጥቷታል። ከመተማ እስከ ሉሳካ በአንድ ቁጥር ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ለሥልጣን እንዲህ ያለ አመለካከት አላቸው የሚል ሠንጠረዥ ያየ ሰው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ደግ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሐሳቦች በተግባር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ያህል የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎች እስራኤል ገቡ። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች የመጡ ነበሩ። የተቀበሏቸው መምህራን፣ ሐኪሞችና ማኅበራዊ ሠራተኞች በጎ ፈቃድ አልጎደላቸውም፤ ስለ ኢትዮጵያም ተነግሯቸዋል። ሆኖም መሳሳቱ ወዲያው ጀመረ።

ከወጣቶቹ ጋር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤንኤዘር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን መሳሳት ጽፎታል። ታላቅን ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ መምህሩ ፊት አቀርቅሮ ይቆማል። ቀጥ ብሎ ማየትን የእውነተኝነት ምልክት አድርጎ የሚያውቀው መምህር ደግሞ ልጁ የደበቀው ነገር አለ፣ ወይም ታሟል ይላል። እናት ሐኪሙ ያለውን ሁሉ «እሺ» ትላለች፤ ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልምና። በቀጠሮው ቀን ሳትመጣ ስትቀር ግን «ቃላቸውን አይጠብቁም» የሚል ማስታወሻ ይጻፍባታል። በሌላም በኩል እንደዚያው ነበር። የእስራኤላውያኑ ፊት ለፊት ተናጋሪነትና የድምፃቸው ከፍታ፣ ለኢትዮጵያውያኑ ቁጣና ንቀት ሆኖ ተሰማ። ሁለቱም ወገን ሌላውን በራሱ ሕግ ነው ያነበበው።

በፈተና ላይ የታየው ደግሞ ይበልጥ ይከነክናል። የኢትዮጵያ ልጆች በተለመደው የማገናዘብ ችሎታ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ አመጡ። የሬውቨን ፎየርስታይንን መንገድ የተከተሉ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር አደረጉ፤ ፈትነው አልተዉም፣ የጥያቄዎቹን አሠራር ለልጆቹ በአጭሩ አስተምረው እንደገና ፈተኑ። ዴቪድ ጹሪየልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጥናት፣ ከትምህርቱ በፊት በኢትዮጵያውያኑና እዚያው በተወለዱት ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ከትምህርቱ በኋላ በእጅጉ ጠበበ። የመጀመሪያው ፈተና የለካው ልጆቹ ከእንደዚያ ዓይነት ወረቀት ጋር ያላቸውን ትውውቅ ነበር። በመጀመሪያው ውጤት ብቻ ወደ ልዩ ትምህርት የሚላክ ልጅ ዕድሜ ልኩን የሚከፍለውን ዋጋ አስቡት።

ለመምህራኑ ስለ ኢትዮጵያ ባህል ተጨማሪ ገለጻ መስጠት መፍትሔ ይመስል ነበር። ጠቅሟል፤ ግን ገለጻው የራሱ አደጋ አለው። «ኢትዮጵያውያን ዝምተኞች ናቸው» ብሎ የተማረ መምህር፣ በጉዞው ላይ በሱዳን በረሃ እናቱን ቀብሮ የመጣ ልጅ ዝም ሲል «ባህላቸው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያኔ የባህል ዕውቀቱ ራሱ ልጁን ይጋርደዋል። የተሻለ የሠራው፣ ኢትዮጵያ የተወለዱ ሰዎችን በትምህርት ቤትና በክሊኒክ ውስጥ አገናኝ አድርጎ መቅጠር ነው። በ1998 የተጀመረው «ጤና ብሪዑት» የተባለው ድርጅት ከማኅበረሰቡ የወጡ ሠራተኞችን ይዞ፣ ከስደቱ በኋላ የበረከተውን የስኳር በሽታ በማኅበረሰቡ ቋንቋና አኗኗር አስተምሯል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ባለበት ክሊኒክ ሐኪሙም ይማራል፤ «ይህን ስትላቸው እንዲህ ነው የሚረዱህ» የሚለው ሰው አጠገቡ አለና። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሲሆን ደግሞ፣ የመማር ግዴታው ከስደተኛው ወደ አገሩ ሕዝብም ተሻገረ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው።

ሕግና ሥልጣን እዚህ ውስጥ ለምን ገቡ? ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተመው የጭፍን ጥላቻ ጥናት፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለዚያ ግብ ተባብረው ሲሠሩ፣ ሕጉም ሹሙም ሲደግፋቸው ነው ብሎ ነበር። ፔቲግሩና ትሮፕ በ2006 ከ38 አገሮች 515 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ፤ ግንኙነት በበዛበት ጥላቻ ዝቅ ይላል፣ የኦልፖርት ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ። ብዙዎች ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ሌቪ ፓላክና ሁለት ባልደረቦቿ ግን በ2019 በዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል ሰዎችን በዕጣ መድበው ውጤቱን ቆይተው የለኩትን ፈልገው ያገኙት 27 ብቻ ነው። ጥላቻው የቀነሰው በመገናኘታቸው ነው ወይስ ቀድሞውኑ የማይጠሉት ናቸው የተገናኙት? ይህን የሚለየው ዕጣው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከወጡት እንዲህ ያሉ ጥብቅ ሙከራዎች አንዱ ከኢራቅ የመጣ ነው። ሳልማ ሙሳ በአይሲስ ምክንያት የተፈናቀሉ ክርስቲያን እግር ኳስ ተጫዋቾችን በዕጣ ከፈለች፤ ግማሾቹ ቡድኖች በክርስቲያን ብቻ፣ ግማሾቹ ከሙስሊሞች ጋር ተቀላቅለው እንዲጫወቱ። በ2020 ባሳተመችው ውጤት፣ ከሙስሊም ጋር የተጫወቱት በሚቀጥለው የውድድር ዘመንም በተቀላቀለ ቡድን ለመጫወት የመመዝገብ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ይለማመዱ ነበር። ሆኖም ለውጡ ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት ገብቶ እስከ መብላት አልደረሰም። ተጫዋቹ አብሮት የተጫወተውን አወቀ፤ ያላወቀውን ሕዝብ መፍራቱን አልተወም። ይህን ውጤት ማሳነስ አይገባም፤ ከጦርነት ማግስት አንድ ሜዳ ላይ መተማመን ቀላል አይደለም። ከእሱ የበለጠ ተስፋ ማድረግ ግን ማስረጃ የለውም።

ፓላክ ራሷ በሩዋንዳ ያገኘችው ሌላ ገጽ አለው። ስለ መታረቅ የሚተርክ «ሙሴኬዌያ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት የተከታተሉ መንደሮች፣ የጤና ፕሮግራም ካዳመጡት ጋር ሲነጻጸሩ የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «በእኛ ዘንድ ተገቢው እንዲህ ነው» የሚለው ግምታቸውና አድራጎታቸው ነው። ሰው የሌላውን ወገን የሚያይበት መንገድ የሚወሰነው በልቡ ባለው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ ምን ይለኛል በሚለውም ጭምር ነው።

በእኩልነት መገናኘት የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ማንበብ ቀላል ነው፤ በሕይወት ግን ብርቅ ነው። ሱዛን ፊስክ በ1993 እንደጻፈችው ሥልጣን ያለው ሰው በበታቹ ላይ ትኩረት አያደርግም፤ ኑሮው በእሱ ስለማይወሰን። የበታቹ ግን አለቃውን ያጠናል። በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችንን ያነጋገረ ሰው ይህን ያውቃል። አንዲት ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ የጾምና የእንግዳ ሥርዓቱን፣ የእመቤቲቱንም ፊት ማንበብ ትማራለች፤ ባትማር ዳቦዋ ላይ ይመጣባታል። የአሠሪዋ ቤተሰብ ስለ እሷ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከስሟና ከአገሯ አያልፍም፤ ስሟንም የሚለውጡባት አሉ። የእኛው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. ተጓዧ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራትና ከጉዞ በፊት ገለጻ እንድታገኝ አዝዟል። ተገቢ ነው። ሆኖም የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር በተሳሰረበት የከፋላ ሥርዓት ውስጥ፣ እሷ የተማረችው ሁሉ አሠሪዋን አያስተምርም። ልታርመው የምትችልበት ቦታ ላይ አይደለችም።

«ራስህን በእሱ ቦታ አስቀምጥ» የሚለው ምክርስ? እዚህ ላይ ጥናቱ የሚናገረው ያልጠበቅሁትን ነው። ታል ኤያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2018 ባሳተሙት 25 ሙከራዎች የያዘ ሥራ፣ ሰዎች ራሳቸውን በሌላው ቦታ አድርገው ሲያስቡ ስለዚያ ሰው ስሜትና ምርጫ ያላቸው ግምት ይበልጥ ትክክል አልሆነም። የሠራው መጠየቅ ነው፤ ሰውየውን ጠይቀው መልሱን የሰሙት ሳቱ የሚባልበት ጊዜ ቀነሰ። በሌላው ቦታ ስንቆም የምንወስደው የራሳችንን ጭንቅላት ነውና አያስገርምም። ለጥቂት ደቂቃ ልብ ወለድ ማንበብ የሰውን ስሜት የማወቅ ችሎታን ያሳድጋል የተባለውም በ2013 ብዙ ተወርቶለት፣ ሌሎች ሲደግሙት አልተገኘም። መጽሐፍ መውደዴን ይህ አይቀንሰውም፤ መጽሐፍ የሚሠራውን በረጅም ጊዜ ይሠራል።

ጊዜ የሚለው ነገር ተመራማሪዎቹ የሚለያዩበት ነው። ማዱክስና ጋሊንስኪ በ2009 ውጭ አገር መኖር ከፈጠራ ችሎታ ጋር እንደሚያያዝ፣ መጎብኘት ግን እንደማይያያዝ አሳዩ። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰው ራሱን ይበልጥ የሚያውቀው በብዙ አገር ስለኖረ ሳይሆን ረጅም ጊዜ ስለቆየ ነው አለ። በአንጻሩ በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት በሰው ላይ ያለንን እምነት የሚጨምረው የአገሮቹ ብዛት እንጂ የቆይታው ርዝመት አይደለም ይላል፤ በ2017 ደግሞ ብዙ አገር ያዩ ሰዎች ደንብን እንደየቦታው የሚለዋወጥ አድርገው በማየት ለማጭበርበር ይቀልላቸዋል የሚል ውጤት ወጣ። እነዚህን ለማስታረቅ መሞከር አልፈልግም። ብዙ አገር ማየትና አንድን ሕዝብ ማወቅ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው ማለት ይበቃል።

የሁለተኛው ዓይነት ተማሪ ምሳሌ ዶናልድ ሌቪን ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1965 ስለ አማራ ባህል የጻፈው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፉ፣ የአንድን ሕዝብ ጠባይ በአንድ የቅኔ ስልት በኩል ለማየት ሞከረ። ኢትዮጵያውያን ምሁራን ተችተውታል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ሌቪን ግን አማርኛ ያውቅ ስለነበር፣ በአገሩም ስለተመላለሰ፣ ትችቱ ጆሮው ይደርሰው ነበር። በ1974 ያወጣው ሁለተኛው ትልቅ መጽሐፉ ዓይኑን ወደ አገሪቱ ሕዝቦች ሁሉና ወደ ግንኙነታቸው አሰፋ። ኢትዮጵያን በሚመለከት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2015፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲከራከር ኖረ። ክርክሩ ነው ያስተማረው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2008 እንደቆጠረው፣ በዋና ዋናዎቹ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የመጡት የዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ግን ለዚህ ጥያቄ ከየትኛውም አገር የተሻለ ቦታ ናት። መንግሥት በየዓመቱ ብዙ ሺህ ወጣቶችን ካደጉበት ክልል ርቀው በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ይመድባል፤ ከዚያ በፊት የሌላውን ብሔር ልጅ በአካል አግኝተው የማያውቁ አሉባቸው። ምደባው መገናኘትን ይፈጥራል፤ የኦልፖርትን ሌሎች ሁኔታዎች ግን በራሱ አያመጣም። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ብቻውን እንደማያስተምር ከዚህ የመረረ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎችና ለሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች የምለው አለኝ። አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የመኝታ ክፍሉን፣ የቤተ ሙከራ ቡድኑን፣ የእግር ኳስ ቡድኑን በዕጣ አቀላቅሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ ስጧቸው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሌላ የሆነውም ተማሪ ሳይሸማቀቅ የሚናገርበትን ሰዓት በደንብ አስከብሩ። ውጤቱን ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ለኩ፣ መጥፎ ቢሆንም አሳትሙት። ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምደባውን የያዙት እናንተው ናችሁ።